ነጩ ገደል ለምን ነጭ ሆኖ ይኖራል? የጠመኔ ዳርቻ አፈራረስ

ለንደን ዘመድ ያለው ሰው ይህን ፎቶግራፍ ሳያየው አይቀርም። አረንጓዴ ሣር፣ ከሣሩ ጫፍ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የወረደ ነጭ ገደል፣ ከግርጌው ሰማያዊ ባሕር፤ ዘመድ ደግሞ ጫፉ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ቦታው አብዛኛውን ጊዜ ሰቨን ሲስተርስ ወይም ቢቺ ሄድ የሚባለው የደቡብ እንግሊዝ ዳርቻ ነው፤ ከለንደን በባቡር ሄዶ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል። ፎቶግራፉ የማያሳየው አንድ ነገር አለ። ዘመዳችን የቆመበት ሣር ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የገደሉን ንጣትና ቀጥ ብሎ መቆም የጥንካሬ ምልክት አድርጎ ያየዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ነጭ የሆነው በቅርቡ ስለፈረሰ ነው፤ ቀጥ ያለውም ከሥሩ እየተቆረጠ ስለሆነ ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ከድንጋዩ መጀመር ይሻላል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጠመኔ ሲባል የጥቁር ሰሌዳው ጠመኔ ነው?

ስሙ አንድ ነው፤ ዘመድነቱም እውነተኛ ነው። ዛሬ በትምህርት ቤት የምናውቀው ጠመኔ አብዛኛውን ጊዜ ከጂፕሰም የሚሠራ ቢሆንም፣ የቀድሞው ከዚሁ ዓይነት ዓለት ተቆርጦ የሚወጣ ነበር።

ዓለቱ የተሠራው ከ100 ሚሊዮን እስከ 66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባለው ዘመን ነው። ያን ጊዜ የባሕር ወለል ከዛሬው እጅግ ከፍ ያለ ስለነበር የሰሜን ምዕራብ አውሮፓ አብዛኛው ክፍል በውሃ ተሸፍኖ ነበር። በዚያ ባሕር ላይ በዓይን የማይታዩ ዋቅላሚዎች ይንሳፈፉ ነበር። እያንዳንዱ ዋቅላሚ ራሱን የሚያለብሰው በካልሲየም ካርቦኔት ጥቃቅን ቅርፊቶች ሲሆን፣ የአንዱ ቅርፊት ስፋት የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሺህኛ ብቻ ነው። ዋቅላሚው ሲሞት ቅርፊቶቹ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳሉ። በሺህ ዓመት የሚጠራቀመው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ዛሬ ከግርጌው ቆመን ቀና ብለን የምናየው ገደል በዚህ ዝግታ የተከመረ የሙታን ዱቄት ነው።

ከገደሉ የወደቀ የጠመኔ ጓል አንስታችሁ በምላሳችሁ ብትነኩት ይጣበቃል። ምክንያቱም ከመጠኑ ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ባዶ ቀዳዳ ስለሆነ የምላስን እርጥበት ይመጥጣል። ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ደግሞ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የነበረው አየር እየተንተከተከ ይወጣል። ይህች ትንሽ ሙከራ የገደሉን ባሕርይ ታስረዳለች። ጠመኔ ውሃ ጠጪ ነው፤ ውሃ የጠገበ ጠመኔ ደግሞ ከደረቁ በእጅጉ ይደክማል።

በነጩ ገደል ላይ አግድም የተዘረጉ ጥቁር መስመሮችም አሉ፤ ከሩቅ ሲታዩ የነጠላ ጥለት ይመስላሉ። እነዚህ ባልጩት ናቸው። ሲሊካ ከሚባለው ማዕድን የተሠሩ ሲሆኑ፣ ሲሊካው የመጣው በአብዛኛው በዚያው ባሕር ይኖሩ ከነበሩ ስፖንጆች አካል ነው። ባልጩት ከጠመኔው ብዙ እጥፍ ይጠነክራል። ይህን ልብ በሉ፤ ገደሉ በውስጡ የያዘው ባልጩት ኋላ ራሱን ገደሉን የሚመታ መሣሪያ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። አፍሪካና አውሮፓ ሲገፋፉ የአልፕስ ተራሮች ተነሡ፤ የግፊቱ ጫፍ እስከ ደቡብ እንግሊዝ ደርሶ የጠመኔውን ንጣፍ አጠፈው፣ ሰነጣጠቀውም። ባሕሩ ዛሬ ሥራውን የሚጀምረው ከእነዚያ ስንጥቆች ነው።

መበስበስና መሸርሸር ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሁለቱ ቃላት ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። መበስበስ ማለት ዓለቱ ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ መላላቱ፣ መሰንጠቁ፣ መሟሟቱ ነው። መሸርሸር ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር፣ እዚህ ላይ ማዕበል፣ ዓለቱን ፍቆ ወይም ሰብሮ መውሰዱ ነው። የጭቃ ቤት ምሳሌ ይሁነን። ምርጊቱ እርጥበት ገብቶበት ሲላላ መበስበስ ነው፤ ጎርፍ መጥቶ የላላውን ጠራርጎ ሲወስድ መሸርሸር ነው። ግድግዳው የራሱን ክብደት መሸከም አቅቶት ሲደረመስ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው፤ እሱን ናዳ እንለዋለን። የጠመኔ ዳርቻ ታሪክ የሦስቱ ቅብብል ነው።

ከመበስበስ መንገዶች አንዱ ውርጭ ነው። ውሃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ውሃ ሞልታችሁ የከደናችሁትን ጠርሙስ በረዶ ቤት ብታስቀምጡት ይሰነጠቃል፤ በእንግሊዝ የብርድ ወራት ሌሊት በጠመኔው ስንጥቅ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ሁለተኛው ጨው ነው። ማዕበል የሚረጨው ውሃ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ሲደርቅ የጨው ቅንጣቶች እያደጉ ዓለቱን ከውስጥ ይፈነቅሉታል። እርጥበት የሚስብ ግድግዳ ከታች ቀለሙ ሲላላጥ ያየ ሰው ሁኔታውን ያውቀዋል።

ሦስተኛው የዝናብ ኬሚስትሪ ነው። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ካልሲየም ካርቦኔትን ቀስ በቀስ ያሟሟል። ይህንን ሥራ ለማየት እንግሊዝ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ባሌ ውስጥ የዌብ ወንዝ የኖራ ድንጋይን ሰርስሮ የሠራው የሶፍ ዑመር ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ድንጋዩ ከጠመኔ እጅግ የጠነከረ ቢሆንም የሚሟሟው በዚያው ኬሚስትሪ ነው።

ሕይወት ያላቸው ፍጥረታትም ድርሻ አላቸው። ከላይ የዕፅዋት ሥር ስንጥቅ ያሰፋል። ከታች ደግሞ በሁለት ቅርፊት የተሸፈነ የባሕር ፍጥረት ቅርፊቱን እንደ መሰርሰሪያ እያዞረ ጠመኔው ውስጥ ቀዳዳ ሠርቶ ይኖራል። ባሕሩ ሲጎድል የሚገለጠው ዓለት አንዳንድ ቦታ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ባሕሩ አንዱን ቦታ ለይቶ ለምን ይመታል?

እዚህ ላይ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዶርሴት ግዛት እንሂድ። ፐርቤክ በሚባለው አካባቢ የተለያዩ ዓለቶች እንደ ቡራቡሬ ጨርቅ ጎን ለጎን ተሰልፈው ጫፋቸው ባሕር ላይ ያበቃል። በደቡብ በኩል ስዋኔጅ የተባለችው ከተማ ያለችበት ለስላሳ ሸክላ አፈር ነው። በሰሜን በኩል ስተድላንድ አለ፤ መሬቱ አሸዋና ሸክላ ነው። በመካከላቸው የጠመኔ ንጣፍ አለ። ባሕሩ ሦስቱንም ይመታል፤ ለስላሶቹ ግን ቶሎ ተበልተው ወደ ውስጥ ገቡና ሰላጤ ሆኑ። ጠመኔው ዘግይቶ ስለሚበላ ወደ ባሕር እንደ አፍንጫ ሾሎ ቀረ። አፍንጫው ሃንድፋስት ፖይንት ይባላል፤ ከፊቱ በባሕር ውስጥ የቆሙት ነጭ ዓምዶች ደግሞ ኦልድ ሃሪ ሮክስ ይባላሉ። በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የዶርሴትና የምሥራቅ ዴቨን ዳርቻ በምሥራቅ የሚያበቃው እዚሁ ነው።

ጠመኔ ከሸክላ ስለጠነከረ ተረፈ ማለት ግን ዕረፍት አገኘ ማለት አይደለም። ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ተጠምደው ሲሄዱ አንደኛው ረግረግ ቢረግጥ ይዘገያል፤ ሌላኛው በደረቁ መሬት እንደ ቀድሞው ይራመዳል፤ ቀንበሩም ወደ ዘገየው በሬ ይዞራል። ማዕበልም እንዲህ ነው። ከአፍንጫው ፊት ያለው ባሕር ጥልቀቱ ያነሰ ስለሆነ የማዕበሉ መካከል እዚያ ይዘገያል፤ ግራና ቀኙ ግን በጥልቁ ውሃ መሮጡን ይቀጥላል። ስለዚህ ማዕበሉ ወደ አፍንጫው ይታጠፍና ከፊትም ከጎንም ይመታዋል። ሰላጤዎቹ ጋ የሚደርሰው ማዕበል ደግሞ ተበትኖ ደክሞ ይደርሳል፤ አሸዋ የሚጥለውም ለዚህ ነው። ልጆች በሰላጤው አሸዋ ላይ ሲጫወቱ፣ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ያው ባሕር ዓለት ይሰብራል።

የሚሰብረውስ በምን ኃይል ነው? በውሃው ክብደት ብቻ አይደለም። ማዕበል ስንጥቅ ላይ ሲያርፍ ውስጥ ያለውን አየር ያምቀዋል፤ አፉን በጣት የደፈናችሁት የብስክሌት መንፊያ ማለት ነው። ማዕበሉ ሲመለስ የታመቀው አየር በድንገት ይለቀቃል። ይህ በየጥቂት ሰከንዱ፣ ቀንና ሌሊት ይደጋገማል። በዐውሎ ነፋስ ጊዜ ደግሞ ባልጩቱ ይጨመራል። ከገደሉ ወድቆ ግርጌው የተከማቸውን የባልጩት ጠጠር ማዕበሉ እያነሣ በገደሉ እግር ላይ ይወረውረዋል፣ መልሶም ይፈጭበታል። ባልጩቱ ራሱም እርስ በርሱ ሲፋጭ እንደ ወንዝ ጠጠር ይድበለበላል።

ከስንጥቅ እስከ ጉቶ ያለው መንገድ ምን ይመስላል?

መጀመሪያ ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ በማዕበል ሰፍቶ ዋሻ ይሆናል። አፍንጫው ቀጭን ከሆነ ዋሻው ወዲያ ማዶ ይበሳል፣ ወይም ከሁለት ጎን የተጀመሩ ዋሻዎች ይገናኛሉ፤ ያን ጊዜ ቅስት ይፈጠራል። ቅስቱ ከታች በማዕበል ይሰፋል፤ ጣሪያው ከላይ በዝናብና በውርጭ ይበሰብሳል። አንድ ቀን ጣሪያው ይወድቅና ከየብስ የተለየ ዓምድ ብቻውን ይቀራል። ዓምዱም እግሩ እየተበላ ይወድቃል፤ የሚተርፈው ባሕሩ ሲሞላ የሚሸፈን ጉቶ ነው።

ይህ በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ሆኖ ሲታይ ቀዝቃዛ ነገር ነው፤ በቦታው ግን ስምና ዓመት አለው። ከኦልድ ሃሪ አጠገብ የኦልድ ሃሪ ሚስት የሚሏት ዓምድ ነበረች። በ1896 ወደቀች፤ ዛሬ ጉቶዋ ብቻ አለ።

ከኦልድ ሃሪ ላይ ሆነው ወደ ምሥራቅ ሲመለከቱ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር ተሻግሮ፣ ቀኑ ብሩህ ከሆነ ሌሎች ነጭ ዓምዶች ይታያሉ። የዋይት ደሴት ምዕራባዊ ጫፍ ናቸው፤ መርፌዎቹ የሚል ትርጉም ያለው ኒድልስ የሚባል ስም አላቸው። ሁለቱ ቦታዎች በጥንት ዘመን የአንድ የጠመኔ ሸንተረር ሁለት ጫፎች ነበሩ። በመካከል ያለውን ባሕሩ በላው።

የሚገርመው፣ ኒድልስን መርፌ ያሰኘው ዓምድ ዛሬ የለም። ከሌሎቹ ሁሉ ቀጭንና ሹል ነበር። ነጭና ብቸኛ ስለነበረ የሎጥ ሚስት ብለውት ነበር፤ የጨው ሐውልት የሆነችውን የኦሪት ዘፍጥረትን ሴት አስበው ነው። በ1764 በማዕበል ወደቀ። የቀሩት ሦስቱ ሲሆኑ፣ ከዳር ባለው ላይ በ1859 የተሠራ የመብራት ማማ ቆሟል።

ከኒድልስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ፍሬሽወተር የተባለ ቦታ አለ፤ እዚህ ላይ ለኛ ቅርብ የሆነ ታሪክ ይገባል። ከመቅደላ በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በ1868 የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ በካፒቴን ስፒዲ ሞግዚትነት የመጣው ወደዚች ደሴት ነው። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ያነሣችው ያ አሳዛኝ ፎቶግራፉ የተነሣው ፍሬሽወተር ውስጥ ነው። ከመቅደላ አምባ ጥቁር ዓለት ተነሥቶ ነጭ ገደል ሥር ያረፈ ልጅ። እሱ በነበረበት ዘመን በፍሬሽወተር ሰላጤ ውስጥ አርች ሮክ የሚባል የጠመኔ ቅስት ቆሞ ነበር። ቅስቱ በ1992 ወደቀ። ስለዚህ የልዑሉን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ዛሬ ወደ ፍሬሽወተር ቢሄድ የሚያገኘው ዳርቻ ልጁ የነበረበት ዳርቻ አይደለም።

ታዲያ ገደሉ ለምን ነጭ ሆኖ ይኖራል?

አገር ቤት ክረምት ላይ ወንዝ ዳር የቆመ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ጎርፉ የዳርቻውን አፈር ከሥሩ ይቦረቡረዋል፤ ላዩ ሣር ለብሶ ምንም እንዳልሆነ ይቆያል፤ በኋላ ከነሣሩ ይደረመሳል። የተደረመሰበት ገጽ ቀጥ ያለና አዲስ ነው።

የጠመኔው ገደልም ማዕበል የሚደርስበት እግሩ ብቻ ነው። ማዕበሉ እዚያ ያጎደጉደዋል። ላይ ያለው ዓለት መደገፊያ ሲያጣ በስንጥቆቹ መሥመር ተከፍሎ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ ከረጅም ዝናብ በኋላ፣ ዓለቱ ውሃ ጠግቦ ሲከብድና ሲደክም። ከወረደ በኋላ የሚታየው አዲስ ነጭ ግድግዳ ነው። የወረደው ፍርስራሽ ለጊዜው የገደሉን እግር ከማዕበል ይጋርዳል። ባሕሩ ፍርስራሹን ጠርጎ እስኪጨርስ ድረስ ገደሉ ያርፋል፤ ከዚያ እንደገና ይጀመራል። ገደሉ ወደ ኋላ ባፈገፈገ ቁጥር ግርጌው ላይ ሰፊ የዓለት መደብ ይቀራል፤ ባሕሩ ሲጎድል በላዩ መራመድ ይቻላል።

ማዕበል የማይደርስበት የጠመኔ ገደል ምን ይሆናል? አረንጓዴ ይሆናል። ጫፉ በዝናብ ይደበዝዛል፣ ግርጌው በፍርስራሽ ይሞላል፣ ቀጥ ያለው ነገር ተዳፋት ይሆንና ሣር ይበቅልበታል። ይህን ማየት የሚፈልግ ከወደብና ከግንብ ጀርባ የቀሩ የጠመኔ ገደሎችን ይመልከት። ንጣቱ እንግዲህ ያልዳነ ቁስል ነው። ቁስሉ ከዳነ ደግሞ ማንም ፎቶግራፍ የሚያነሣው ገደል አይኖርም።

በየዓመቱ ምን ያህል ያፈገፍጋል?

በ2016 የታተመ ጥናት በቢቺ ሄድና በሰቨን ሲስተርስ አካባቢ ይህን ለክቶ ነበር። ዘዴው ያስደንቃል። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ባልጩት ሲመታ ቤሪሊየም 10 የሚባል ነገር በውስጡ ይፈጠራል። ገደል ሥር የተቀበረ ባልጩት ጨረር አያገኘውም፤ ገደሉ አፈግፍጎ መደቡ ላይ ሲጋለጥ ግን ቤሪሊየሙ መጠራቀም ይጀምራል። ፀሐይ ላይ የቆየ ሰው ቆዳው እንደሚያሳብቅበት ባልጩቱም ስንት ዘመን እንደተጋለጠ ይናገራል። ውጤቱ፣ ባለፉት 7,000 ዓመታት በአብዛኛው ጊዜ ገደሉ በዓመት ከ2 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ያፈገፍግ ነበር፤ ባለፉት 150 ዓመታት ግን ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ደርሷል። ተመራማሪዎቹ ምክንያት ይሆናል ያሉት በግርጌው ያለው የጠጠር ክምር መሳሳቱን ነው። ብዙ ጠጠር ሲኖር ማዕበሉ ጉልበቱን በጠጠሩ ላይ ይጨርሳል፤ ጠጠሩ ሲሳሳ ዓለቱ ይጋለጣል። የጠጠሩን ጉዞ ከሚያግዱት ነገሮች መካከል ሰዎች በሌላ ቦታ ዳርቻቸውን ለመከላከል የሠሯቸው ግንቦች ይገኙበታል።

አማካይ ቁጥር ግን ያሳስታል፤ ብዙ ሰውም የሚዘናጋው በዚህ ነው። ገደሉ በየዓመቱ 30 ሳንቲ ሜትር አይቆረጥም። አንድ ቦታ ለብዙ ዓመታት ንቅንቅ ሳይል ይቆይና በአንድ ጠዋት ብዙ ሜትር ይሄዳል። በጥር 1999 ቢቺ ሄድ ላይ የወደቀው ናዳ፣ ከገደሉ ፊት ባሕር ውስጥ እስካለው የመብራት ማማ ድረስ ተዘርግቶ ነበር። በ2001 ደግሞ ዴቭልስ ቺምኒ የተባለው የታወቀ ዓምድ እዚያው ወደቀ። ስለዚህ ጫፉ ላይ የምታዩት ሣር ባለፈው ዓመት ስለነበረ ነገም አለ ማለት አይደለም። ወደ ጫፉ አትጠጉ፤ ግርጌውም ላይ ከገደሉ ጥላ ሥር ለመብላት አትቀመጡ። ቢቺ ሄድ ከባሕር 162 ሜትር ከፍ ይላል፤ ከዚያ የሚወርድ የቡጢ ያህል ባልጩት ሰው ለመግደል ይበቃል።

ማቆም አይቻልም?

ከተማ ባለበት ቦታ ግንብ ተሠርቶ ይዘገያል። በሌላው ቦታ ግን ግንቡ ሁለት ነገር ያበላሻል፤ ገደሉ አረንጓዴ ተዳፋት ይሆናል፣ ከገደሉ የሚወድቀው ባልጩትም ስለሚቀር ቀጥሎ ያለው ዳርቻ ጠጠር ያጣል። ስለዚህ በሰቨን ሲስተርስ አጠገብ በርሊንግ ጋፕ በተባለው ቦታ ባሕሩ እንዲቀጥል ተትቷል። እዚያ በ1878 ለባሕር ጠባቂዎች ተያይዘው የተሠሩ ቤቶች ነበሩ፤ ገደሉ በቀረባቸው ቁጥር ከዳር እየተነሡ አንድ በአንድ ፈርሰዋል። ግድግዳ ተጋርተው ስለተሠሩ፣ አንዱ ሲፈርስ የሚቀጥለው ቤት የውስጥ ግድግዳ ለባሕሩ ነፋስ ይጋለጣል።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ቤል ቱት የሚባል የድንጋይ መብራት ማማ አለ። በ1834 ሥራ ሲጀምር ከጫፉ ራቅ ብሎ ነበር። በ1902 አዲሱ ማማ ግርጌው ባሕር ውስጥ ሲሠራ አሮጌው መብራቱን አጠፋ፤ በኋላም መኖሪያ ቤት ሆነ። ገደሉ በሩ ላይ ሲደርስ ባለቤቶቹ ሊያፈርሱት አልፈለጉም። በመጋቢት 1999 ሕንፃው እንዳለ ከመሠረቱ ተነሥቶ፣ በቅባት በተለሰኑ ተሸካሚዎች ላይ በግፊት መሣሪያ ቀስ እየተባለ 17 ሜትር ወደ ኋላ ተንሸራተተ። አዲሱ መሠረት ሲሠራ ሌላ ጊዜም ሊገፋ እንዲችል ተደርጎ ነው።